«እግዜር ይስጥልኝ» የማይደርሳቸው ሰዎች

ሽማግሌው ከሞላሌ ሌሊት ተነሥተው ነው የመጡት። ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገድ አላሳይ ብሎ መኪናው ሲዳክር እንዳረፈደ ነገሩኝ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ አራት ሰዓት ሆኗል። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት በሌለኝ ቀን አንድ ኮፒ ቤት እየገባሁ በኮምፒውተር እጽፍ ነበር። ከመሐረባቸው ቋጠሮ ፍላሽ አወጡና ሰጡኝ። «አራት ገጽ ነው። እዚያው ተጽፎ አልቋል፤ ማተሚያው ቀለም ጨርሶ ነው። አትምልኝና ከምሳ በፊት ላስገባው» አሉኝ። የመሬት ክርክር ይግባኝ ነበር።

ፋይሉን ከፈትኩት። አራት ገጽ ሙሉ የፈረንጅ ፊደል፣ የመቶኛ ምልክት፣ ቃለ አጋኖ፣ ባዶ ሣጥን። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም።

«ፎንቱ የለም አባባ» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ፊደሉ አልመጣም።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ብዙ አዩት። «ሲጻፍ እኮ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ።

እንደ አዲስ ከመጻፍ ሌላ መላ አልነበረም። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ። ክርክሩ ከገዛ ወንድማቸው ጋር ነው። ኮፒ ለማስነሣት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። ያቺን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እዚህ ግን አልጽፋትም። ጽሑፉ ከምሳ በፊት አልደረሰላቸውም፤ ደብረ ብርሃን አደሩ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይገጥምም። ሞላሌ የተጻፈ ደብዳቤ ደብረ ብርሃንም ሆነ አዲስ አበባ ሲከፈት እንደተጻፈው ይከፈታል። ማን እንዲህ አደረገው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ይህ ነገር ከልብ ምስጋና ይገባዋል ባይ ነኝ። በቀን ስንት ጊዜ የምንገለገልባቸው፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ሶፍትዌሮች አሉ። ውለታቸው የት ላይ እንደሆነ ሳስብ ሁሌም ወደ ሽማግሌው እመለሳለሁ። ውለታቸው በሰውና በጉዳዩ መካከል የቆመውን ሌላ ሰው ማንሣታቸው ነው። ያን ቀን ፊደሉ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ እኚያ አባት የወንድማቸውን ነገር ለእኔ መንገር አይኖርባቸውም ነበር።

ፊደሉ ለምን ጠፋ? ነገሩ የቁጥር ጉዳይ ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። በድሮው አሠራር አንድ ፎንት፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው። ከዚያም ላይ የተወሰነው ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የተያዘ ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፈሉት። በላቲን ፊደል ወንበር ላይ የእኛን አስቀመጡ። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር «በ» ትታያለች። ፎንቱ በሌለበት ግን የወንበሩ ባለቤት፣ የላቲኑ ፊደል፣ ብቅ ይላል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱ ሠንጠረዥ ነበረው። በፓወር ግዕዝ የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ አይነበብም።

እነዚያን ሠሪዎች ማማቴ አይደለም። በያዙት ዕቃ የሚቻለውን አድርገዋል። ከእነሱ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ሁሉ ፊደል በጽሕፈት መኪና ጥቂት ቁልፎች ለማስጻፍ ታግለዋል። በኮምፒውተሩ ዘመን ደግሞ እንደ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች የግዕዝን ፊደል ስክሪን ላይ ለማውጣት በየፊናቸው ደክመዋል። መንገዱን የጠረጉት እነዚህ ናቸው።

ነገሩን ያቃናው ዩኒኮድ ነው። የዓለም ፊደል ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የራሱ ቋሚ ቁጥር ይኑረው የሚል ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትም የእኛ ፊደል ገባ፤ 345 ምልክቶች። በኋላ ተጨምሮበት ዋናው ክፍል ዛሬ 358 ይዟል። ሀ ቁጥሯ 4608 ነው። ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632። በየ8 ነው የሚዘለው። ለምን 8? ሰባቱ ወንበር ለሰባቱ ቤት ነው፤ ስምንተኛው ለዲቃላው። ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ፣ ከዚያ ሏ። የኔታ ያስቆጠሩን ገበታ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ በዚያው ቅደም ተከተል ተቀምጧል።

ይህን ያወቅኩት አንድ ማታ ነው። ብርድ ስለነበረ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ቁጥሮቹን በወረቀት እየጻፍኩ ነበር። መ 4632 ከሆነች፣ ማ አራተኛዋ ስለሆነች 4635 መሆን አለባት አልኩና ሠንጠረዡን አየሁ። ልክ ናት። ደስታዬን የማካፍለው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ተኝቷል። አንድ ሰው እዚያ ሩቅ አገር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ለዲቃላዋም ወንበር ይቀመጥላት ብሎ ተከራክሯል ማለት ነው።

ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ጣት ያስፈልገዋል። ኪማን የሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ለእኔ ጣት ሆኖኛል። ማርክ ደርዲን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለላኦ ቋንቋ ነበር። በኋላ የእኛን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ሰዎች የየራሳቸውን ገበታ ሠሩለት። ዳንኤል ያዕቆብ የመሠረተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛውን ሠርቷል። ኤስን (s) ስትጫን ስ ትወጣለች፤ ኢን (e) ስታስከትል ሰ ትሆናለች። ዛሬ ኪማን በነጻ የሚገኝ ነው፤ ኮዱም፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተሠራበት ጽሑፍ፣ ለማንም ክፍት ነው። ስልክ ላይ ደግሞ የጉግሉ ጂቦርድ አለ። ይህን ጽሑፍ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ነው የጻፍኩት።

አሁን ወደ አክስቴ ልሂድ። መንዝ፣ መሀል ሜዳ አካባቢ ነው የምትኖረው። ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ማታ ማታ፣ በኩራዝ። የእድር ወረቀት ታነባለች። የልጆቿን የትምህርት ውጤት ታነባለች። የላቲን ፊደል ግን አታውቅም። እኔ ደግሞ ለብዙ ዓመት የጽሑፍ መልእክት የምልክላት በላቲን ፊደል ነበር፤ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል እየጻፍኩ። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው። እሷ ስልኩን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች። ተማሪ ልጅ ያነብላታል።

አንድ ጊዜ እናቴ ታማ ሐኪም ቤት ገብታ ነበር። ሲሻላት ለአክስቴ ጻፍኩላት፤ «ከሐኪም ቤት ወጥታ ቤቷ አርፋለች» ብዬ። ያነበበላት ልጅ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ለትልቅ ሰውም ያደናግራል። ልጁ የፊቱን ማንበብ አቅቶት ዘለለው። የመጨረሻዋን ቃል ግን አገኛት። «አርፋለች» አላት።

አክስቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተነሣች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ተለቅሷል። አንድ ዘመዳችን ለማጽናናት ሲደውልልኝ ነው የሰማሁት። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ አጥሚት እየጠጣች ነበር። ቃል አመራረጤ ጥፋት እንዳለበት አውቃለሁ። ግን መልእክቱ በፊደላችን ተጽፎ ቢሆን አክስቴ ራሷ፣ ቀስ ብላ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ታነበው ነበር።

ለምን በላቲን እንጽፍ ነበር? አንዱ ምክንያት ስልኮቹ ፊደላችንን አለመያዛቸው ነው። ሌላው ሒሳብ ነው። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት 140 ባይት ይይዛል፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው፣ ቢት ማለት ትንሿ የኮምፒውተር መለኪያ። ለላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ፊደል ይገባል። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ ሲላክ ለአንዱ 16 ቢት ይፈልጋል፤ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ሰባ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ስለዚህ ሰው «አማርኛ ብር ይበላል» ይላል።

እውነት አለው፤ ግን እንደሚወራው አይደለም። የእኛ ፊደል ቁጥብ ነው፤ አናባቢውን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው። ያቺ የእናቴ መልእክት በፊደላችን ስትቆጠር ክፍተቱን ጨምሮ 20 ነች። በላቲን ከ30 በላይ ትሆናለች። ከሰባው ሃያውን ነው የምትወስደው። ሰላምታ ጨምሬበት፣ ስሜን ጽፌበት ይተርፈኛል። ከዚያ ወዲህ ለአክስቴ በላቲን ጽፌ አላውቅም። ስልኳ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ነው፤ ፊደሉን ግን ያሳያል። ያ ልጅ አሁን ስልኳን የሚያየው ባትሪ ሲያልቅባት ለመሰካት ብቻ ነው።

በገንዘቡም በኩል ያው ነው። ድሮ ለአክስቴ ብር የምልከው በሰው ነበር። ሹፌር፣ ገበያተኛ፣ ለበዓል የሚሄድ ዘመድ። ይደርሳል፤ ግን ስንት እንደላኩ የማያውቅ ሰው አይኖርም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህ ቀረ። እኔ የምወድለት ከመተግበሪያው ይልቅ ኮከብ 127 መሰላሉን ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩ ከአንቴናው ጋር በሚነጋገርበት በዚያው መስመር ነው የሚሄደው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ፣ የድምፅ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ይህቺ መሰላል ለብዙ ቤት ደርሳለች። ግን ሚስጥር ቁጥራቸውን ለልጅ ወይም ለባለሱቅ ነግረው የሚያስልኩ እናቶች ዛሬም አሉ። እዚያ ላይ መካከለኛው ሰው በጓሮ በር ተመልሶ ገብቷል። ይህ የሚያሳስበኝ ነገር ነው። ደረጃዎቹ አንሰው፣ ቃላቱ የገበሬ ቤት አማርኛ ሆነው ቢሠሩ መፍትሔ ይኖረው ነበር።

8028ንም ሳላነሣ አላልፍም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የገበሬ መስመር ነው። በነጻ ይደወላል፤ ቁጥር እየነኩ የተቀዳ ምክር ይሰማል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ይጠቀምበታል። ስንዴው ላይ ዋግ ሲያይ የቀበሌው ባለሙያ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አያለሁ። ብዙ አይጠይቁም። ትልቅ ስልክ አይሉም፣ ዳታ አይሉም፣ ቦታ አይሞሉም። በተቃራኒው ያሉትንም ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል የምናስተላልፍበት አንድ መተግበሪያ ነበረኝ። መጀመሪያ ስወደው ልክ አልነበረውም። የዘመድ ሠርግ ፎቶ በሙሉ በእሱ ነው የተላለፈው። ቀስ በቀስ ማስታወቂያ ገባበት። በኋላ አንድ ፎቶ ለመላክ ሦስት ማስታወቂያ መዝጋት የግድ ሆነ። አጠፋሁት። ያ መተግበሪያ መጨረሻ ላይ ራሱ መካከለኛ ሆኖ ቁጭ አለ።

ቪኤልሲ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ የማመሰግነውም ለዚህ ነው። ያቺ ብርቱካንማ የመንገድ ኮን ምልክቷ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያልተጫነችበት ኮምፒውተር ብዙም አይገጥመኝም። የሠርግ ቪዲዮ ይሁን መዝሙር፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፋይል ይሁን፣ ሁሉንም ትከፍታለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳይ አገር የኢኮል ሳንትራል ፓሪ ተማሪዎች የጀመሩት ነው። በ2001 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ዣን ባፕቲስት ኬምፍ፣ የሥራው መሪ፣ ማስታወቂያ ይግባበት ተብሎ ብዙ ገንዘብ ሲቀርብለት እንቢ ብሏል። በሕይወቱ መንዝን አያውቅ ይሆናል። ግን የአክስቴ ልጅ ሠርግ ሲታይ በመሀል የቁማር ማስታወቂያ ብቅ ያላለው በእሱ እንቢታ ነው።

የእንዲህ ያሉ ሰዎች ነገር ሲነሣ ግን ሆዴን የሚያባባኝ አንድ ታሪክ አለ። ኤክስዜድ የሚባል፣ ፋይልን አጭቆ የሚያሳንስ ትንሽ ፕሮግራም አለ። በዓለም ላይ ስንት ሰርቨር፣ ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግል ኮምፒውተር፣ ውስጥ አለ። ለዓመታት ተሸክሞት የነበረው በዋናነት አንድ ሰው ነው፤ ላሴ ኮሊን የሚባል ፊንላንዳዊ፣ ያለ ደመወዝ። ሰዎች ግን ቶሎ በል፣ ዘገየህ እያሉ ይጎተጉቱት ነበር። ጤናው እንዳስቸገረው፣ ሥራውም ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ መሆኑን ጽፎላቸው ነበር። በዚህ መሀል ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው ላግዝህ ብሎ ቀረበ። ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት አገዘ፤ ታመነ። ከዚያ ሰርቨሮችን በድብቅ የሚከፍት ኮድ አስገባበት።

የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው። ወደ አንድ ኮምፒውተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ቢሆን ኔትወርክ ነው ብሎ ያልፋል። እሱ ግን መረመረ። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዓለም አሳወቀ፤ ኮዱ በሰፊው ሳይሰራጭ ተያዘ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ምስጋና ማጣት ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ላሴ ኮሊንን ቀድመን «በርታ፣ ምን እናግዝህ» ያልነው ቢሆን፣ ያ እንግዳ ሰው የሚገባበት በር አይከፈትም ነበር ብዬ አምናለሁ። ደክሞ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ላግዝህ ያለውን ሁሉ ያስገባል። የእኛ አገር ሰው ይህን ያውቃል። ጎረቤት በአጨዳ ሰዓት ብቻውን ሲቀር ደቦ ይወጣለታል። አጫጁ ፊንላንድ ሲሆን ግን ደቦው አይታየንም።

ከሰሜን ሸዋ ሆኖ ምን ማድረግ ይቻላል? ገንዘብ ወደ ውጭ መላክ ለአብዛኞቻችን አይሆንም። ሥራ ግን እንችላለን። ኮድ የማያውቅ ሰውም ይችላል። የአማርኛው ትርጉም ሲያስቅ ወይም ሲያሳስት ስህተቱን መጻፍ ለሠሪው ትልቅ ነገር ነው። የሞዚላ ኮመን ቮይስ ላይ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ድምፅን መለገስ ይቻላል፤ ኮምፒውተር አማርኛ መስማት እንዲችል የሚረዳ ነው። የመንዝና የይፋት ሰው አነጋገርም እዚያ ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን እንዲህ ባለ ነገር ላይ ቢያደርጉትማ ከመደርደሪያ አቧራ ይተርፍ ነበር።

እኔ የያዝኩት ካርታውን ነው። ኦፕንስትሪትማፕ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር የተጀመረ፣ ማንም ሰው የሚያርመው ካርታ አለ። ኦርጋኒክ ማፕስን ስልክ ላይ ከጫንክ ያንኑ ካርታ ያለ ኢንተርኔት ታየዋለህ። ባለፈው የአክስቴን ቀበሌ ፈለግሁ። ጣሪያዎቹ ከሰማይ በተነሣው ፎቶ ላይ አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የባሕር ዛፉ መስመር፣ ወደ ገበያ የሚወስደው እግር መንገድ ይታያል። ስም ግን የለም። ባዶ ነው። የቀበሌዋን ስም በፊደላችን ጻፍኩ። መንገዱን አሰመርኩ። ጥቂት ቀን ቆይቼ ስከፍተው ስልኬ ላይ ወጥቷል።

ለአክስቴ ደወልኩላት።

«ሰፈርሽ ካርታ ላይ ገብቷል» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ወንዙስ?» አለችኝ።

«የወንዙን ስም አልጻፍኩም።»

«ምነው ልጄ! በክረምት ሰው የሚወስደው እሱ አይደለም እንዴ? እሱን ነበር ማስቀደም።»

መልካው የት ጋ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከዋርካው ዝቅ ብሎ አንድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ሌላ፣ ሐምሌ ላይ የማይሞከር ሦስተኛ አለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ።